ጎረቤቶቹ ይነሳሉ

‹‹ጎረቤቶቹን አትዩአቸው፤ እነሱ በቅርቡ ይነሳሉ።››

እንዲህ ያለን ደላላው ነው፤ ያውም ቤቱን ለማሞገስ። ካዛንቺስ ጫፍ ላይ፣ ቁፋሮው ሳይደርስበት በቀረ መንደር ውስጥ፣ ከጎኑ ካለው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊያሳየን ወስዶን ነበር። ሪል እስቴቶች ዛሬ ‹‹ታውን ሃውስ›› እያሉ የሚሸጡት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ መሆኑ ነው። ደረጃው እንጨት ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ጓሮው ውስጥ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አለ። ከጓሮው አጥር ወዲያ ደግሞ ቆርቆሯቸው የዛገ አራት የቀበሌ ቤቶች ተደርድረዋል። ከአንደኛው በር ላይ በርበሬ የሚያሰጡ እናት ቀና ብለው አዩንና ‹‹ደህና ዋላችሁ ልጆቼ›› አሉን። ደላላው ‹‹አትዩአቸው›› ያለን ያኔ ነው።

እኛ ስንል እናታችንን፣ ሁለት እህትማማቾችንና ሜሪላንድ ያለ ወንድማችንን ነው። እናታችን በዕቁብ ያጠራቀመችው አለ፤ እኛ ከደመወዛችን የቆጠብነው (ቁጠባ ከተባለ) አለ፤ ትልቁ ድርሻ ግን የወንድማችን ነው። ዋጋውን እዚህ አንጽፍም፤ አንባቢን ማስደንገጥ አንፈልግም። በዚያው ቀን ማታ ፎቶውን ልከንለት ስለ ደረጃውና ስለ ኮክ ዛፉ ስናወራለት ዝም ብሎ ከሰማን በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፤ ‹‹ቆይ፣ እኛ የምንገዛው ምኑን ነው?››

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ቤቱ ውስጥ ካለ ግን ቀላል ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። አዋጅ ማገላበጥ ጀመርን፤ ከአዋጁም አልፈን ወደ ኋላ ሄድን። ስንመለስ የጥያቄው መልስ እንደየመንግሥቱ ሲለዋወጥ የኖረ መሆኑን አየን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬት የሚገኘው በገንዘብ ሳይሆን ለቤተ መንግሥት በመቅረብ ነበር። ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ ይሰጣሉ፤ አለቃው መሐል ላይ ይሠራል፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ዘመድ አዝማዱ ዙሪያውን ይሰፍራል። ‹‹ሰፈር›› የሚለው ቃላችን ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የምንላቸው በሙሉ የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ያኔ ቤት ለመሥራት የሚያስጨንቀው እንጨት ማግኘት ነበር። እንጨት ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ተቃርባ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ አስቀራት። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ. በ1907) ግን ለከተማዋ መሬት ሕግ ወጣ፤ ቦታ የግል ሆነ፤ መሸጥና መለወጥ ተቻለ። ለአለቃ በማደር ይገኝ የነበረው ነገር በወረቀት የሚያዝ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ምናምን ዓመት፣ የጣልያንን አምስት ዓመት ሳንቆጥር፣ ለወንድማችን ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነበረው፤ ቤቱንም መሬቱንም።

ጣልያንን የጠቀስነው ለወግ አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ስም ነው። በጣልያንኛ ‹‹ካዜ›› ማለት ቤቶች ማለት ሲሆን ‹‹ኢንቺስ›› ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣልያን ብሔራዊ ተቋም የስሙ ምኅጻር ነው። ‹‹ካዜ ኢንቺስ››ን የአዲስ አበባ ምላስ ካዛንቺስ አደረገው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የገባው ወራሪ ከተማዋን ለነጭና ለአገሬው ሰው ለያይቶ ለመክፈል ፕላን ነደፈ፤ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ‹‹የአገሬው ገበያ›› አለው፤ እሱም መርካቶ ሆኖ ቀረ። ካዛንቺስ በዚያ ዕቅድ ውስጥ ለቅኝ ገዢው ጸሐፊና መሐንዲስ የተመደበ ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ዛሬ ‹‹የድሮዋ ካዛንቺሳችን›› እያልን የምናለቅስላት ሰፈር ስሟን ያገኘችው እኛ እንዳንኖርባት ከታሰቡ ቤቶች ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ስሙን ግን ማንም ሊለውጠው አልሞከረም። ሰዉ ቤቶቹን ወረሰ፤ ስሙንም ወርሶ የራሱ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ዕድል ቀናው። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አጠገቡ ተሠራ፤ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሂልተን ተከፈተ። ዲፕሎማት ቤት ይፈልጋል፤ የድርጅት ሠራተኛ ቤት ይፈልጋል፤ ለነሱ የሚያበስለው፣ የሚያጥበው፣ የሚዘበኘው ደግሞ ክፍል ይፈልጋል። ቤት ማከራየት ጥሩ ሥራ ሆነ። እኛ ያየነውን ቤት ያሠሩት ሰው (የሻጩ አባት ናቸው) ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ሁለት ተጣባቂ ቤቶች ጎን ለጎን አሠሩ፤ በአንዱ ሊኖሩ፣ ሌላውን ሊያከራዩ። ከጓሮው ደግሞ አራት የጭቃ ክፍሎች ጨመሩ፤ እነሱንም ለደሃ አከራዩ። በርበሬ የሚያሰጡት እናት ከነዚያ ተከራዮች የአንዷ ልጅ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው።

የጭቃውን ክፍል ኪራይ ማን ይተምነው ነበር? ባለቤቱ። ማን ያስወጣ ነበር? ባለቤቱ። የከተማዋ መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ቀሪው ሕዝብ ተከራይ ነበር። ‹‹መሬት ላራሹ›› ሲባል ሁላችንም ገጠሩን እናስባለን እንጂ በአዲስ አበባ ጓሮዎችም አንድ ሌላ ጥያቄ ሲብላላ ነበር።

መልሱ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967። ይህን አዋጅ እናቶቻችን ሲጠሩት በቁጥሩ አይደለም፤ ‹‹ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ›› ነው የሚሉት። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይኖረዋል፤ ከዚያ የተረፈው የመንግሥት ነው። መሬቱ ደግሞ የማንም ቢሆን የመንግሥት ሆነ፤ ያለ ምንም ካሳ። ከተወረሱት ቤቶች የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ 100 ብርና ከዚያ በታች የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ።

እኛ የቆምንበትን ግቢ በዚህ አዋጅ ዓይን እንየው። አባትየው በቀኝ ያለውን ቤት መረጡና ያዙ። በግራ ያለው፣ በዚያው ግድግዳ የተጣበቀው፣ ለኪራይ ቤቶች ሆነ። አራቱ የጭቃ ክፍሎች ለቀበሌ። አንድ ግቢ በአንድ ቀን ሦስት ሆነ። ደላላው ግድግዳውን በቡጢ እየደበደበ ‹‹ይኼ እኮ ድንጋይ ነው!›› ሲለን የደበደበው የ1967ን ድንበር ነው።

ስለዚህ አዋጅ ቤታችን ውስጥ ተከራክረናል። እናታችን ‹‹ግፍ ነበር›› ትላለች፤ ባሏ የሞተባት አክስቷ በአንዲት ትርፍ ክፍል ኪራይ ልጅ ታሳድግ ነበርና። እኛ ደግሞ ከጓሮ ያሉትን ቤተሰቦች አየን። ያ አዋጅ ባይኖር ሃምሳ ዓመት እዚያ መቆየት አይችሉም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ያለ ክርክር የተስማማንበት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቀበሌ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ከጥቂት ብሮች ሳይበልጥ ቆየ። በዚያ ገንዘብ እንኳን ቤት ሊታደስ ምስማር አይገዛም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢልም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቤቱ የሱ አይደለማ! ማከራየት ተከለከለ፤ ሰው ግን መብዛቱን አላቆመም። ስለዚህ ‹‹ደባል›› የሚባል ነገር መጣ፤ ልጅ አግብቶ እዚያው ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተከፈለ፤ ቆጥ ተሠራ። ዛሬ ‹‹የተጎሳቆለ ሰፈር›› ተብሎ ለመፍረሱ ምክንያት የሚቀርበው መልክ በሕግ የተፈጠረ ነው። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ሰው የግል ይዞታ ይመለሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። የመጣው ሊዝ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። የሊዝ አዋጁ በ1994 ተቀየረ፤ በ2004 እንደገና። ከዚህ በላይ አንባቢን በቁጥር አናደክምም፤ ነገር ግን በ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፣ ቤት ሊገዛ የሚያስብ ሁሉ ሊያነባት የሚገባ። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ‹‹ነባር ይዞታ›› ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው ትላለች።

ደላላው ካርታውን ሲያሳየን ‹‹ነባር ይዞታ! ንጹሕ! የሊዝ ዕዳ የለበትም!›› እያለ ሦስት ጊዜ ደጋግሞልናል። ውሸት አይደለም። ሻጩ እጅ እስካለ ድረስ እውነት ነው። ውልና ማስረጃ ሄደን ከፈረምን፣ ስመ ንብረቱ ሊዛወር ሲል ግን ያ የሚያሞግሰው ነገር ወደ እኛ አይመጣም። ሻጩ የአባቱን ይዞታ ይሸጣል፤ እኛ የምንረከበው የሊዝ ውል ነው። ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው መቼም፤ እኛ 99 ዓመት አንኖርም ብለን ልንጽናና እንችላለን።

ወንድማችን ይህን ስንነግረው ‹‹እሺ፣ መሬቱን አይደለም። ቤቱን ነው›› አለ። እኛም እንደዚያ አልን። ከዚያ ሒሳብ ጀመርን፤ እዚህ ላይ ነው ሁላችንም ዝም ያልነው። ይህን ቤት አሁን ባለው የሲሚንቶ፣ የብረትና የእንጨት ዋጋ እንደገና ለመሥራት ስንት ይፈጃል ብለን አንድ ኮንትራክተር ዘመዳችንን ጠየቅነው። የነገረን ገንዘብ ከተጠራው ዋጋ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ታዲያ የቀረው የምን ዋጋ ነው? የቦታው ነዋ! ለባምቢስ መቅረቡ፣ ለኢሲኤ መቅረቡ፣ አዲሱ መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ መሆኑ። የምንከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ሕጉ አይሸጥም ላለው ነገር ነው።

ይህ የፍልስፍና ጨዋታ አይደለም። መንግሥት ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም እፈልገዋለሁ ያለ ቀን ይመነዘራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ካሳ የሚያስበው መሬቱ ላይ ላለው ንብረትና መሬቱን ለማሻሻል ለወጣ ወጪ ነው። እሱን የተካው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1161 የተሻለ ልብ አለው፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ጭምር ካሳ እንዲታሰብ ይላል። (ይህን ስናነብ ተገርመን ነበር። ዕድርና ቡና መጠራራት በአዋጅ ዋጋ ሲወጣላቸው!) ምትክ ቦታም አለ። ሆኖም ለደላላውና ለሻጩ የከፈልነው የ‹‹መሐል ከተማ›› ዋጋ የሚመለስበት አንቀጽ አላገኘንም። ድንጋዩ ይታሰብልናል፤ ካዛንቺስነቱ አይታሰብልንም።

‹‹እሱ ለሌላው ነው፤ እናንተን ማን ይነካል›› ይላል ደላላው። ባለፉት ዓመታት የሆነውን ግን ሁላችንም አይተናል። ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም በቀለበት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ ዙሪያ ተነሳ፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ከአፋችን በቀር የትም የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። አንዲት ጓደኛችን የተወለደችበትን ቤት ፎቶ ልታነሳ ስትመለስ ቤቱ የነበረበትን ቦታ መለየት አቅቷት ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ርቀት እየገመተች ፈልጋዋለች።

እዚህ ላይ እንዳንዋሽ። ከተነሱት ውስጥ ‹‹ተገላገልን›› የሚሉ አሉ፤ እኛም ሰምተናቸዋል። ለአሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት ተጠቅመው ያደጉ ሰዎች የራሳቸው በርና የራሳቸው ቧንቧ ሲያገኙ ‹‹ቅርስ ነበረ›› እያልን ከካፌ ሆነን ልናለቅስላቸው አይገባም። መንገዱም ሰፊ ነው፤ ማታ ብርሃን አለው፤ ሴት ልጅ እግረኛ መንገዱ ላይ ሳትፈራ ትሄዳለች። የጎደለውን የሚያውቁት ግን የጉልት ደንበኛቸው ካዛንቺስ የቀረችባቸው፣ ታክሲ ሁለት ሦስቴ የሚቀይሩ፣ ዕድራቸው በአራት አቅጣጫ የተበተነባቸው ናቸው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከቀበሌ ተከራይ ላይ ክፍል የተከራዩት ነው። ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ ስላልነበረ የሚጠይቁበት ወረቀት አልነበራቸውም።

ወደ ቤታችን (ገና ‹‹ቤታችን›› ማለት ጀምረናል!) እንመለስ። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው ያለ ደላላው ነው። እኚያ እናት ቡና አፍልተው አገኘናቸው፤ ‹‹ግቡ እንጂ›› አሉን፤ ገባን። ቤቱ አንድ ክፍልና ቆጥ ነው። ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፤ የላይኛው ንብርብር አዲስ ነው፤ ጥግ ላይ በተቀደደበት በኩል ግን የደርግ ዘመን ፊደል ብቅ ይላል። እናታቸው ለሻጩ አባት ኪራይ ይከፍሉ እንደነበር፣ ከ1967 በኋላ ለቀበሌ መክፈል እንደ ጀመሩ፣ ደረሰኙንም እስካሁን በፌስታል እንደሚያስቀምጡ ነገሩን። ከባለቤቱ ቤተሰብ ጋር ተኳርፈው አያውቁም። ‹‹ሰውዬው ቤቱ ሲወረስበት ለእናቴ ‹እንኳን ለአንቺ ሆነ› አላት›› አሉን። እውነት ይሁን አይሁን የምናጣራበት መንገድ የለንም፤ እሳቸው ግን እንደዚያ ነው የሚያስታውሱት።

ሁለተኛውን ሲኒ ሲሰጡን ‹‹ልትገዙት ነው?›› አሉ። ‹‹እያሰብን ነው፣ እማማ።››

‹‹እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ሰምታችሁ እንደሆነ... መቼ ነው የሚያነሱን?››

መልስ አልነበረንም። የምናውቀው ደላላው የነገረንን ነው፤ እሱም ‹‹በቅርቡ›› ነው። ያን ቃል እሳቸው አልሰሙትም፤ እኛ ግን ሰምተነዋል፤ ያውም ዋጋ ወጥቶለት። ጎረቤቶቹ ስለሚነሱ ነው ቤቱ የተወደደው። የሳቸው መነሳት በምንከፍለው ገንዘብ ውስጥ ተቆጥሯል።

እህቴ ከዚያ ስንወጣ ‹‹እኛ ባንገዛውም ይነሳሉ›› አለች። ትክክል ናት። አንድ ሰው ቤት ባለመግዛቱ የከተማ ፕላን አይለወጥም። ይህን ቤት ብንተወው የሚገዛው አይጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ከ150,000 ዶላር ጀምሮ ማውጣት የሚችል የውጭ ዜጋ ቤት እንዲኖረው ፈቅዷል። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ፓስፖርቱ የአሜሪካ ነው። ‹‹እንግዲህ እኔም ፈረንጅ ሆኜ ልገዛው እችላለሁ ማለት ነው›› አለ።

የመጨረሻውን ያደረግነው ፕላን ስምምነቱን ማየት ነው። ለማንም ቤት ገዢ የምንመክረው ይህን ነው፤ ከካርታው በፊት ፕላኑን ጠይቁ። ካርታ ቤቱ ትናንት የማን እንደነበር ይነግራችኋል፤ ፕላኑ ነገ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዲቆም እንደታሰበ ይነግራችኋል። በኛ ጉዳይ ፕላኑ የሚፈልገው ከባለ አንድ ፎቅ ቤት በብዙ የሚበልጥ ሕንፃ ነው። የእንጨቱ ደረጃ፣ ሰፊው መስኮት፣ የድንጋዩ ግድግዳ፣ ከጓሮ ያሉት አራቱ ክፍሎች፤ በፕላኑ ላይ አንዳቸውም የሉም። ጎረቤቶቹ ይነሳሉ የተባልነው እኛ የማንነሳ ይመስል ነበር፤ ወረቀቱ ግን በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ አይለይም።

እናታችን ‹‹በዚህ ዕድሜዬ ካሳ ጠባቂ አልሆንም›› ብላ ጨረሰችው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሠፈሩ ገና ስም ያልወጣለት ቦታ ላይ፣ በሊዝ መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ትንሽ ቤት ማየት ጀምረናል። ርቀቱ ያስጠላል፤ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው። ቢያንስ ምን እንደምንገዛ ለወንድማችን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር እንችላለን።

ለደላላው ቀብድ እንደማንከፍል በስልክ ነገርነው። አልተቆጣም። ‹‹ችግር የለም እህቶቼ›› አለን፣ ‹‹ሌላ አለኝ፤ ከዚህ የተሻለ። እዚያም ጎረቤቶቹ ይነሳሉ።››